ዶክተር ክላረንስ ኩክ ሊትልና የውሻ ፀጉር ቀለም

ዶክተር ሊትል እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ተወለዱ። በ1909፣ ገና የሐርቫርድ ተማሪ ሳሉ፣ የፀጉር ቀለም ውርስን ለመመርመር አይጦችን ያዳቅሉ ጀመር። በ1929 ያቋቋሙት የጃክሰን ቤተ ሙከራ በ1947 አብዛኛው በእሳት ቢወድምም እንደገና ተሠራ።

ለእንስሳት ሐኪም የተረፈው ግን በ1957 ስለ ውሾች የፀጉር ቀለም ውርስ ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ሁለት ጥቁር ዳክስሁንዶች ቡናማ ቡችላ ቢወልዱ እናቲቱ አትታማም፤ ቡናማነቱ በሁለቱም ወላጆች ተሰውሮ የኖረ ነውና። ከአራት ቡችላ አንዱ እንዲህ ሆኖ እንዲወለድ ይጠበቃል። ሕጉ ለሽንዲና ለቡሬ የመንደር ውሻም ያው ነው። በዳክስሁንድ ዘር ዝንጉርጉር ከዝንጉርጉር ሲዳቀል ደግሞ መስማትና ማየት የተሳናቸው ሊወለዱ ይችላሉ።

ይህን ያህል ጠንቃቃ ሊቅ፣ ከ1954 ጀምሮ የትምባሆ ኩባንያዎች የምርምር ኮሚቴ ሳይንሳዊ ዲሬክተር ሆነው፣ ሲጋራ ካንሰር ማምጣቱ አልተረጋገጠም ሲሉ መሟገታቸው ያሳዝናል። በ1971 አረፉ።