ቶም ፓሽቢ

ቶማስ ፓሽቢ፣ በይበልጥ ቶም ፓሽቢ በመባል የሚታወቁት (1915 – 2005 እ.ኤ.አ.)፣ ካናዳዊ የዓይን ሐኪም ነበሩ። በበረዶ ሆኪ ጨዋታ ምክንያት በአንድ ወቅት ስንት ዓይን እንደሚጠፋ በአገር ደረጃ እንዲቆጠር በማድረግና የተጫዋቾች የራስ ቁርና የፊት መከላከያ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የሚደነግገውን የካናዳ የጥራት ደረጃ በማውጣት ይታወቃሉ። በካናዳ የልጆች ሆኪ ቡድኖች ውስጥ ፊትን ሳይሸፍኑ መጫወት የተከለከለው በአብዛኛው በእርሳቸው ጥረት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውና አደጋው

በኢትዮጵያ የገና ጨዋታን ያየ ሰው የበረዶ ሆኪን ሐሳብ በቀላሉ ይረዳዋል፦ ሁለት ቡድን፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ የሚመታ ነገር። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑ፣ ተጫዋቹም ከሥሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ መንሸራተቱ ነው። በኳስ ፋንታ የሚመታው «ፐክ» የሚባል ከጠጣር ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። ፐክ እስከ 170 ግራም ይመዝናል፤ ጎበዝ ተጫዋች ሲመታው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል።

ለዓይን ግን ከፐኩ ይልቅ ዱላው የባሰ ጠላት ነበር። የሰው ዓይን በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ሰፊ ነገር ፊት ላይ ሲያርፍ አብዛኛውን ኃይል የግንባርና የጉንጭ አጥንት ይቀበለዋል። የዱላ ጫፍ ጠባብ በመሆኑ በአጥንቶቹ መካከል አልፎ ዓይኑን በቀጥታ ያገኘዋል። በምቱ ጊዜ የዓይን ኳስ ለአፍታ ይጨፈለቃል። በዚህ የተነሣ በውስጡ ደም ሊፈስ፣ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና ሊላቀቅ ይችላል። ቁስሉ ድኖ ከዓመታት በኋላ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ የሚያስከትልበት ጊዜም አለ። የተጎዳው ልጅ ታዲያ አንድ ምሽት በተደረገ ጨዋታ ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ የሐኪም ደጅ ሊጠና ይችላል።

የመጀመሪያ ዓመታት

ፓሽቢ በ1915 በቶሮንቶ ከተማ ተወለዱ። በ1940 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በካናዳ አየር ኃይል አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በተወለዱበት ከተማ የዓይን ሐኪም ሆነው መሥራት ጀመሩ። የከተማይቱ ሙያተኛ ቡድን የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የዓይን ሕክምና አማካሪም ነበሩ።

ወደ ስፖርት ደኅንነት ያመጣቸው ዓይን ሳይሆን ጭንቅላት ነው። በ1959 ሆኪ ይጫወት የነበረው ልጃቸው ወድቆ ጭንቅላቱ ከበረዶው ጋር ተጋጨና ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በዚያ ዘመን የራስ ቁር የሚያደርግ ተጫዋች ጥቂት ነበር፤ ማድረጉም እንደ ፍርሃት ይቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የሞንትሪያል ካናዲየንስ በረኛ ዣክ ፕላንት ፊቱ በፐክ ከተሰነጠቀ በኋላ ማስክ አድርጎ ወደ ሜዳ ሲመለስ የገዛ አሠልጣኙ ሳይወድ ነው የፈቀደለት። በረኛ እንኳ ፊቱን መሸፈን እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ ነበር።

ልጃቸው ዳነ። ፓሽቢ ግን የራስ ቁር የሌለው ልጅ ከቤታቸው ወጥቶ ሆኪ እንዳይጫወት ከለከሉ። ችግሩ በገበያ ላይ የነበረው ቁር ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያረጋግጥ መለኪያ አለመኖሩ ነበር፤ አንዳንዱ ለመልክ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይጠቅምም ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 1968፣ የሚኒሶታ ኖርዝ ስታርስ ተጫዋች ቢል ማስተርተን ያለ ቁር ሲጫወት ወድቆ ጭንቅላቱ በበረዶው ላይ ተመታና ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። የሙያተኞቹ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ቁርን በደንብ ያስገደደው ግን ከ1979 ጀምሮ ነው፤ ያውም አዲስ ውል የሚፈርሙትን ብቻ። ከዚያ በፊት የፈረሙት ከፈለጉ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ይጫወቱ ስለነበር የመጨረሻው ቁር አልባ ተጫዋች ጡረታ የወጣው በ1997 ነው።

ዓይኖቹን መቁጠር

የፓሽቢ ትልቁ ሥራ በቀዶ ሕክምና ክፍል የተሠራ አይደለም። አንድ የዓይን ሐኪም በዓመት ሁለት ሦስት የተጎዱ ተጫዋቾችን ቢያይ መጥፎ አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈዋል። በሌላ ከተማ ያለው ባልደረባው ተመሳሳይ ነገር ማየቱን አያውቅም። ፓሽቢ በካናዳ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር አማካይነት በመላ አገሪቱ ያሉ ባልደረቦቻቸው በሆኪ የተጎዱ ታካሚዎቻቸውን እንዲያሳውቁ አደረጉ።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በ1972–73 የጨዋታ ወቅት 287 የዓይን ጉዳቶች ተመዘገቡ፤ ከእነዚህ ውስጥ 20 ዓይኖች ታወሩ። በ1974–75 ወቅት የጉዳቱ ቁጥር አሁንም ከ250 በላይ ሲሆን፣ የታወሩት ዓይኖች ግን 43 ደረሱ። የተጎጂዎቹ አማካይ ዕድሜ 14 ዓመት ገደማ ነበር። ማለትም ዋጋውን የሚከፍሉት በቴሌቪዥን የሚታዩት ሙያተኞች ሳይሆኑ ከትምህርት ቤት መልስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ።

በእነዚሁ ዓመታት የግሬግ ኒልድ ጉዳይ ብዙ አነጋገረ። ኒልድ ገና ወጣት ተጫዋች ሳለ በ1973 በዱላ ተመትቶ አንድ ዓይኑን አጣ። በ1975 የቡፋሎ ሴበርስ ቡድን ቢመርጠውም ሊጉ አንድ ዓይን ያለው ሰው እንዳይጫወት የሚከለክል ደንብ ስለነበረው አላስገባውም፤ ክስ ቢመሠርትም ተረታ። አንድ ዓይን ያለውን ከሜዳ የሚያግድ ሊግ ሁለት ዓይን ያላቸውን ዓይናቸውን እንዲከልሉ አለማስገደዱ ዛሬ ሲታይ ግራ የሚያጋባ ነው።

ቁጥሮቹ ከታወቁ በኋላ ዱላን ከፍ አድርጎ ማወናጨፍን የሚከለክሉት ሕጎች ጠበቁ። ፓሽቢ ሕግ ብቻውን ይበቃል ብለው አላመኑም፤ ብዙው ጉዳት ሆን ተብሎ የሚደርስ አልነበረምና።

ደረጃ ማውጣት

ፓሽቢ የሆኪ መከላከያዎችን ደረጃ የሚያወጣውን የካናዳ ደረጃዎች ማኅበር ኮሚቴ ለረጅም ዓመታት በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፦ ስብሰባ፣ ልኬት፣ ከአምራቾች ጋር ክርክር። ነገር ግን ዓይኖቹን ያዳነው ይኸው ነው። የፊት ማስክ ሽቦዎች ተራርቀው ከተሠሩ የዱላ ጫፍ ያሳልፋሉ፤ በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ ተጫዋቹ አያይም፣ አይቶም ካልተጫወተ አውልቆ ይጥለዋል። ስለዚህ በሰው ራስ ቅርጽ በተሠራ አሻንጉሊት ላይ ተደርጎ ሲፈተን ዱላም ሆነ ፐክ ዓይኑ ጋ እንዳይደርስ፣ እይታውም ክፍት እንዲሆን ማስታረቅ ያስፈልግ ነበር።

የራስ ቁር ደረጃ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የፊት መከላከያው ደግሞ በ1978 ወጣ። ወዲያውም የካናዳ አማተር ሆኪ ማኅበር የደረጃውን ምልክት የያዘ ቁርና ማስክ በልጆች ውድድሮች ላይ አስገዳጅ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሚታወሩ ዓይኖች ቁጥር በእጅጉ ወረደ፤ የተጎጂዎችም ዕድሜ ከልጅነት ወደ ጎልማሳነት ተሻገረ፤ ምክንያቱም ፊታቸውን ሳይሸፍኑ የሚጫወቱት አዋቂዎቹ ብቻ ሆኑ።

ትችት አልቀረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቶሮንቶው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ታተር በሆኪ ተጫዋቾች ላይ የአከርካሪ ጉዳት መጨመሩን ሲያሳውቁ፣ ማስኩ ልጆቹን አይነኬ ነን እንዲሉ አድርጎ ጨዋታውን አከረረው የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ጥያቄው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙው የአከርካሪ ጉዳት የሚደርሰው ተጫዋች ከኋላው ተገፍቶ ከሜዳው ግድግዳ ጋር ሲላተም ነበር፤ መፍትሔውም ማስኩን ማውለቅ ሳይሆን ከኋላ መግፋትን መከልከል ሆነ። ፓሽቢም ከዓይን አልፈው ለአከርካሪና ለአንጎል ጉዳት መከላከያ ሠርተዋል። በስማቸው የተቋቋመው የስፖርት ደኅንነት ገንዘብ ከ1990 ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ምርምር ድጋፍ ይሰጣል።

ክብርና የመጨረሻ ዓመታት

በ1981 የካናዳ ኦርደር አባል ሆኑ፤ በ2000 ደግሞ በካናዳ የስፖርት ዝነኞች አዳራሽ ስማቸው ሰፈረ። በዚያው በ2000 መጋቢት ወር የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍሱ ብራያን ቤራርድ ከኦታዋ ጋር በተደረገ ግጥሚያ ዓይኑን በዱላ ተመትቶ አብዛኛውን የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ። የፊት መከላከያ አላደረገም ነበር።

ፓሽቢ በነሐሴ 2005 በ90 ዓመታቸው አረፉ። ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ለአዲስ ተጫዋቾች የዓይን መከለያ ያስገደደው ከእርሳቸው ሞት ስምንት ዓመት በኋላ በ2013 ነው። ይህም ከግንባር እስከ አፍንጫ አካባቢ የሚወርድ ግማሽ መከለያ እንጂ የካናዳ ልጆች የሚያደርጉት ሙሉ ማስክ አይደለም።