ከክብደት የተጣላው ሰው

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ያም ሆኖ ለዚህ እትም የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ጓደኞቼ ወደ ደራሲያንና ወደ ፖለቲከኞች ሲሮጡ፣ እኔ አንድ እንግሊዛዊ የመኪና መሐንዲስ ይዤ መጣሁ። ኮሊን ቻፕማን ይባላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻፕማን በ1928 ለንደን አጠገብ ሪችመንድ ተወለደ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማረው ሲቪል ምሕንድስና እንጂ መኪና አልነበረም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጠቀመውም ይሄው ነው። መኪናን እንደ ድልድይ ነበር የሚያየው፤ የትኛው ብረት ምን ያህል ሸክም እንደሚችል አስልቶ ትርፉን ይቆርጣል። በ1952 በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከሄዝል በተበደረው 25 ፓውንድ የሎተስን ኩባንያ አቋቋመ። በ1963 እና በ1965 ጂም ክላርክ በሎተስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እኔን የሳበኝ ግን ክብደት መቀነሱ ብቻ አይደለም። የቀረውን ክብደት የት እንዳስቀመጠው ነው። አህያ የጫነ ሰው ይሄንን ያውቃል፤ ያው እህል ያው አህያ ሆኖ ጭነቱ ወደ አንድ በኩል ካደላ መንገዱ አይገፋም። በዚያን ጊዜ የውድድር መኪና ራዲያተሩ አፍንጫው ላይ ነበር፤ ሙቀቱም ሾፌሩን ይጠብሰው ነበር። ቻፕማንና ባልደረባው ሞሪስ ፊሊፕ በ1970 ባወጡት ሎተስ 72 ራዲያተሩን ለሁለት ከፍለው ከሾፌሩ ግራና ቀኝ አስቀመጡት። አፍንጫው እንደ ሽብልቅ ቀጠነ፣ ክብደቱም ወደ ኋላ ሄደ። መኪናውን የሚገፋው የኋላ ጎማ ስለሆነ ጭነት ሲያገኝ መሬቱን ይይዛል፤ ከባዱ ዕቃም ወደ መሐል ሲሰበሰብ መኪናው ለመታጠፍ ይቀለዋል። ከልክ ካለፈ ደግሞ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ቀላል ሥራ አይደለም እኮ!

የፊት ፍሬኑንም ከጎማው አንስተው ወደ መኪናው አካል አስገቡት። ጎማው ሲቀል የመንገዱን ጎርበጥባጣ በደንብ ይከተላል። ፍሬኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ግን አንድ ዘንግ ነበር።

ሾፌሩ ዮኸን ሪንት ከአደጋ በተረፈበት በ1969 ለቻፕማን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። መኪኖቹ በጣም ፈጣን ስለሆኑ ጥቂት ክብደት ተጨምሮ ደካማዎቹ ክፍሎች ቢጠናከሩም እንደማይሸነፉ ነበር ያሳሰበው። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 በጣሊያን ሞንዛ፣ በልምምድ ላይ፣ ሪንት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከብረት አጥሩ ጋር ተጋጨ። በምርመራው የፊት ቀኙ የፍሬን ዘንግ ተሰብሮ ተገኘ፤ ለሞቱ ግን በደንብ ያልተተከለው አጥርም ተጠያቂ ሆኗል። ስለዚህ ቻፕማን ገደለው ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ አልደፈረም። ንጹሕ ነው ለማለትም አልደፈረም።

በኦክቶበር ኤመርሰን ፊቲፓልዲ በዚያው ሞዴል አሜሪካ ላይ ሲያሸንፍ የሪንት ነጥብ የሚደርስበት ጠፋ። ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው ሾፌር እሱ ነው፤ ዋንጫውን የተቀበለችው ባለቤቱ ኒና ናት።

ሎተስ 72 እስከ 1975 ተወዳድሮ 20 ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈ። ቻፕማን በዲሴምበር 1982 በልብ ድካም በ54 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላም ስሙ ከዴሎሪያን ኩባንያ የገንዘብ መጥፋት ጋር ሲነሳ ቆየ፤ እሱ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተጠየቀም።