ተረት ሰብሳቢው ያኮብ ግሪም፦ የድምፅን ሕግ ያሳየን ሰው

የሲንደሬላን ተረት ያልሰማ ስንት ሰው አለ? ይህን ተረት ከወንድሙ ከዊልሄልም ጋር ሆኖ ለጀርመን አንባቢ ያደረሰው ያኮብ ግሪም ግን ሌላም ትልቅ ሥራ አለው። ዛሬ እሱን እናስታውሳችሁ።

ያኮብ እ.ኤ.አ. በ1785 ሃናው በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። 11 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱና ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀ። ማርቡርግ ገብቶ ሕግ ቢማርም ልቡ የሄደው ወደ ጥንት ጽሑፎች ነበር። የተረቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1812 ወጣ።

በ1822 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፉ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ አሳየ። የላቲኑ ፓተር በእንግሊዝኛ ፋዘር ነው፤ ፒስኪስም ፊሽ። «ፐ» ወደ «ፈ» ዞረች ማለት ነው። ዱኦ ደግሞ ቱ፣ ዴኬም ቴን፤ እዚህ «ደ» ወደ «ተ» ዞረች። እንግሊዝኛ ከላቲን ወጣ ማለት ግን አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ልጆች ናቸው። የነጀርመንኛና የነእንግሊዝኛ ወገን ነው ድምፁን የቀየረው።

ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ ነገሩን በ1818 ቀድሞ አይቶት ነበር። ግሪም ግን መልክ አስያዘው፦ ድምፅ ሲለወጥ አንድ ቃል ላይ አይቆምም፣ ያንን ድምፅ የያዙትን ሌሎች ቃላትም ያዳርሳል። እምቢ ያሉ ቃላት ነበሩ እኮ! የብዙዎቹን ምክንያት ያገኘው ሌላው ዴንማርካዊ ካርል ቨርነር ነው፤ ግሪም ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ለካ ነገሩ ያለው ጥንት ቃሉ ሲነገር በጠበቀበት ቦታ ላይ ኖሯል።

ሰውየው የመጽሐፍ ትል ብቻ አልነበረም። በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር፣ የገባነውን መሐላ አናፈርስም ብለው ከተቃወሙት ሰባት የጎቲንገን መምህራን መካከል ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ። ሁሉም ከሥራ ተባረሩ። ያኮብማ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ልቀቅ ተባለ።

ሥራ ፈቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው እንግዲህ ከወንድሙ ጋር የጀርመንኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት የጀመረው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1854 ወጣ። ያኮብ በ1863 በርሊን ውስጥ በ78 ዓመቱ ሲያርፍ የደረሰው ገና «ኤፍ» ፊደል ላይ፣ ፍሬ የሚለው ቃል ጋ ነበር።

ሌሎች ተቀባብለው በ1961 ጨረሱት፤ 32 ቅጽ ሆነ።