ጄምስ ፓርኪንሰን

ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 1755 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ ሾርዲች በተባለው ሰፈር፣ በሆክስተን አደባባይ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጆን ፓርኪንሰን መድኃኒት እየቀመመና ቁስል እያከመ የሰፈሩን ሕዝብ የሚረዳ ባለሙያ ነበር። ጄምስም ሥራውን በመጀመሪያ የቀሰመው ከአባቱ ነው። በኋላም በለንደን ሆስፒታል ጥቂት ወራት ሠልጥኖ በ1784 ዓ.ም. የቀዶ ሕክምና ፈቃድ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ቀሪ ዕድሜውን ያሳለፈው ያንኑ የትውልድ ሰፈሩን ሕዝብ በማከም ነው።

ፓርኪንሰን የበሽተኛን አካል ብቻ ሳይሆን የአገሩንም አስተዳደር የሚመረምር ሰው ነበር። ተራው ሕዝብ የምክር ቤት አባላትን የመምረጥ መብት የተነፈገ መሆኑ ስላሳዘነው ለለውጥ ከሚታገል ማኅበር ገባ። ሽማግሌው ሁበርት በሚል የብዕር ስምም መንግሥትን የሚነቅፉ ትንንሽ ጽሑፎች ያሳትም ጀመር። በ1794 ዓ.ም. ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን በመርዘኛ ፍላጻ ሊገድሉ አሢረዋል ተብለው በታሰሩ ጊዜ፣ እርሱም በንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ፊት ቀርቦ በመሐላ ተመረመረ። ጊዜው አንገት የሚያስቆርጥ ክስ በቀላሉ የሚሰነዘርበት ስለ ነበረ፣ ለተከሰሱት ወዳጆቹ ለመመስከር መቅረቡ ትልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ነበር። ተከሳሾቹም ከጊዜ በኋላ ነጻ ወጡ።

ከሕክምናው በተረፈው ጊዜ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የጥንት እንስሳትንና ዕፀዋትን ቅሪት ይሰበስብ ነበር። ስለ እነዚህም ቅሪቶች ከ1804 እስከ 1811 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1807 ዓ.ም. የለንደንን የሥነ ምድር ማኅበር ካቋቋሙት 13 ሰዎች አንዱም እርሱ ነው። በሕይወት ሳለ ይበልጥ የታወቀውም በዚሁ ነበር።

ዛሬ ስሙ በዓለም ዙሪያ የሚነሣው ግን በ1817 ዓ.ም.፣ በ62 ዓመት ዕድሜው ባሳተማት 66 ገጽ ባላት አነስተኛ መጽሐፍ ምክንያት ነው። መጽሐፏ የምትናገረው ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ሲሆን፣ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ብቻ ትገልጻለች። ከእነዚህም ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነው። አንዱን ደግሞ ያየው ከሩቅ ብቻ ሲሆን፣ ቀርቦ ሊያነጋግረው እንኳ አልቻለም። ይህ ሰው መንቀሳቀስ የሚችለው በሩጫ ብቻ ስለ ነበረ፣ አጃቢው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሁለቱን ትከሻዎቹን ይይዝለታል። ሚዛኑን እስኪያገኝ ድረስም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከዚያ ሰውዬው ምልክት ሰጥቶ መሮጥ ሲጀምር፣ አጃቢው ፈጥኖ ከፊቱ ዘወር በማለት ወደ ፊት ቀድሞ ሃያ እርምጃ ያህል ሮጦ ሊወድቅ ሲል ይቀበለዋል። ብዙ መንገደኛ ይህን ትርኢት አይቶ አልፎት ይሆናል፤ ፓርኪንሰን ግን ቆሞ ተመለከተ፤ ጻፈውም።

ሌሎቹን ጠጋ ብሎ ጠይቋቸዋል። አትክልተኛው በሽታው የመጣብኝ እጄን በሥራ ብዛት ስላደከምኩ ነው ይላል። በመንገድ ያገኘው ሁለተኛው ሰው የመጠጥ ልማዱን ይወቅሳል። መርከበኛው ደግሞ በእስፓኝ አገር እስር ቤት ለወራት በእርጥብ መሬት ላይ መተኛቱን ያስታውሳል። እያንዳንዱ ለመከራው የየራሱን ጥፋት ወይም ዕድል ሲፈልግ፣ ፓርኪንሰን ግን በሁሉም ላይ ያየው አንድ ዓይነት በሽታ ነበር። በሽታው የሚጀምረው ሳይታወቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እጅ ነው። እጁ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ሲይዝ ግን ለጊዜው ጋብ ይላል። ውሎ አድሮ ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል፤ ጀርባ ይጎብጣል፤ ጽሕፈት ይበላሻል፤ ጉርሻን ወደ አፍ ማድረስ ያስቸግራል፤ በመጨረሻም ንግግር አልሰማ ይላል። ከእርሱ በፊት ስለ እጅ መንቀጥቀጥ የጻፉ ሐኪሞች ነበሩ፤ እነዚህን የተበታተኑ ምልክቶች የአንድ በሽታ ልጆች መሆናቸውን ለይቶ ያሳየ ግን እርሱ ነው። በእኛም አገር ቢሆን የአዛውንት እጅ ሲንቀጠቀጥ እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ፓርኪንሰን ሁሉን አውቆ ነበር ማለት አይደለም። የበሽታው ሥር በአንገት አካባቢ ባለው የኅብለ ሰረሰር ክፍል ይሆናል ብሎ ገመተ፤ በዚሁም ምክንያት ከአንገት ላይ ደም ማውጣትን መከረ። የበሽተኛው አእምሮና የስሜት ሕዋሳት አይነኩም ማለቱም በኋላ የተስተካከለ ሐሳብ ነው፤ ብዙ በሽተኞች በእንቅልፍ ማጣት፣ በመንፈስ ጭንቀትና በመርሳት እንደሚቸገሩ፣ ከነጭራሹ የማይንቀጠቀጡም እንዳሉ ዛሬ ታውቋል። እርሱ ግን ግምቱን ግምት ነው ብሎ ነበር ያቀረበው፤ የሙታንን አካል የሚመረምሩ ሊቃውንትም እውነተኛውን መንሥኤ እንዲፈልጉ ለምኗል።

ፍለጋው ረጅም ዘመን ፈጀ። ፓርኪንሰን ታኅሣሥ 21 ቀን 1824 ዓ.ም. ሞቶ በሾርዲች በቅዱስ ሌዎናርድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ የፓሪሱ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በሽታው በስሙ እንዲጠራ አደረገ። በ1919 ዓ.ም. ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ ጉዳቱ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ባለው ጥቁር ክፍል መሆኑን አሳየ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ እነዚያ የተጎዱ ሕዋሳት የሚያመነጩት ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በበሽተኞቹ አንጎል ውስጥ እጅግ አንሶ ተገኘ። ከዚህም ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ተገኘ። መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋም፤ ነገር ግን የደረቀውን አካል ያላላል፤ ብዙዎችም ሰዓቱን ጠብቀው እየወሰዱና አካላቸውን እያንቀሳቀሱ ለብዙ ዓመታት ሥራቸውን ይሠራሉ። በሽታው ተላላፊ አይደለም። በሽተኛውን የሚያስታምም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ የሰውየው መዘግየት ስንፍና፣ የፊቱም አለመፈታት ኩርፊያ አለመሆኑን ነው።

የፓርኪንሰን መልክ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ የታወቀ ሥዕል የለም። የእርሱ ነው እየተባለ የሚታተም ፎቶግራፍ አለ፤ ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ለሕዝብ የቀረበው በ1839 ዓ.ም.፣ እርሱ ካረፈ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ያ ፊት የሌላ ሰው ነው። በወጣትነቱ የጎበኘው የቅሪት አካል ተመራማሪው ጌዲዮን ማንቴል ግን፣ ቁመቱ ከመካከለኛ ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ብሩህ ፊት ያለውና ለጠየቀው ሁሉ ሳይሰለች የሚያስረዳ ትሑት ሰው እንደ ነበረ ጽፎ ትቶልናል።