ግሬጎር ሜንዴል፤ አተር ቈጥሮ የዘርን ሕግ ያገኘው መነኵሴ

በመካነ ሰላም አካባቢ፤ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው በቦረና ደጋ፤ አንድ ገበሬ ዳማ ባዝራውን ከጎረቤቱ ዳማ ድንጉላ ጋር አስጠቅቶ ውርንጭላው ከገላው እስከ ጋማውና እስከ ጭራው ቀይ ሆኖ ቢወለድ ምን ይባላል? የጋማው ጥቍረት ወዴት ሄደ? ሌላ ድንጉላ ገብቶባታል ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት ሊጣላ ይችላል፡፡ ለዚህ ጥያቄ የመልሱን መንገድ የከፈተው ግን የፈረስ አዋቂ አይደለም፤ ለደገኛው ገበሬ እንግዳ ያልሆነውን አተርን የመረመረ አንድ መነኵሴ ነው፡፡

ዮሐን ሜንዴል በ1822 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር፤ ዛሬ ግን በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በምትገኝ ሃይንሴንዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ፡፡ አባቱ ገበሬ ነበር፤ በ1838 ግንድ ወድቆበት ስለ ተጎዳ ለልጁ ትምህርት የሚከፍለው አጣ፡፡ ታናሽ እኅቱ ቴሬዚያ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ሰጠችውና ትምህርቱን ቀጠለ፡፡ እርሱም ውለታዋን አልዘነጋም፤ ኋላ ልጆቿን በትምህርታቸው ረድቷል፡፡

በ1843 ብርኖ ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ገዳም ገብቶ ግሬጎር ተባለ፡፡ በ1850 ለመምህርነት ተፈትኖ ወደቀ፡፡ የገዳሙ አለቃ ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኩትና ከ1851 እስከ 1853 ተማረ፡፡ በ1856 እንደገና ለፈተና ቢቀርብም አልተሳካለትም፡፡ ሌላው ሰው አዝኖ በተቀመጠ ነበር፤ ሜንዴል ግን በዚያው ዓመት በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተሩን ማዳቀል ጀመረ፡፡ እስከ 1863 ድረስም 28000 ያህል ተክል መረመረ፡፡

ድብልብል ፍሬ ያለውን አተር ፍሬው ከተጨማደደው ጋር ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ በሙሉ ድብልብል ሆነ፡፡ ከዚያ ትውልድ በተገኘው ዘር ላይ ግን ጠፍቶ የነበረው ጭምድድ መልክ ተመለሰ፡፡ ቢቈጥር 5474 ድብልብልና 1850 ጭምድድ ሆነ፤ ይኸውም ወደ ሦስት ለአንድ የቀረበ ነው፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ጠባይ ሁለት ውርስ፤ አንዱን ከአባት አንዱን ከእናት እንደሚቀበልና ደካማው በብርቱው ተሸፍኖ እንደሚቈይ እንጂ እንደማይጠፋ ተረዳ፡፡

ግኝቱን በ1865 በብርኖ ማኅበር ፊት አነበበ፤ በ1866ም ታተመ፡፡ ነገር ግን ዋጋውን ያስተዋለ አልነበረም፡፡ በ1868 የገዳሙ አበምኔት ሆኖ ተሾመ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታትም ከመንግሥት ጋር በግብር ክርክር አሳለፈ፡፡ በ1884 ሲሞት እንደ አበምኔት በክብር ተቀበረ እንጂ እንደ ሊቅ ያለቀሰለት የለም፡፡ በ1900 ዓ.ም. ሦስት ሊቃውንት በየፊናቸው ያንኑ ሕግ ሲያገኙ ስሙ ከመቃብር ተነሣ፡፡

በ1906 ቻርልስ ሐርስት የተባለ እንግሊዛዊ የእሽቅድምድም ፈረሶችን የትውልድ መዝገብ መርምሮ ሕጉ በፈረስም መልክ እንደሚሠራ አሳየ፡፡ ቀይ መልክ እንደ ጭምድዱ አተር ተሸፋኝ ነው፡፡ በ1996ም ለቀይነቱ ምክንያት የሆነው የዘር ቅንጣት ተለይቶ ታወቀ፡፡

እንግዲህ ወደ ቦረናው ገበሬ እንመለስ፡፡ ሁለቱ ዳማዎች ቀዩን ውርስ በስውር ከያዙ በእያንዳንዱ ወሊድ ከአራት አንድ ቀይ ውርንጭላ የመውለድ ዕድል አላቸው፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ያለ ጥፋቱ ሊወቀስ አይገባውም፡፡ በአንጻሩ ባዝራዋም ድንጉላውም ቀይ ሆነው ውርንጭላው ጥቁር ቢሆን የአባቱን ነገር መጠየቅ ይገባል፡፡ በዕድሜው እየነጣ የሚሄድ ውርንጭላም ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ያንኑ ጠባይ የያዘ መሆን አለበት፡፡

በገጠር ተሹሞ የሰው ክርክር የሚሰማ ወጣት ይህን ቢያውቅ ለፍርዱ ይረዳዋል፡፡ ለተማሪውም የሜንዴል ሕይወት የሚሰጠው ምክር አለ፤ በፈተና መውደቅ የሥራ መጨረሻ አይደለም፡፡ ሜንዴል ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ሌላው ያላየውን በትዕግሥት ቈጠረ፤ የቈጠረውንም በሐቅ ጻፈ፡፡