የቅኔውን ወንበር ወደ መድረክ ያመጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

የአማኑኤል ጎረቤት የሆነው ደብረ ኤልያስ በጎጃም የታወቀ የቅኔ ደብር ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ተወልደው ቅኔን የተማሩት በዚሁ ነው። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ሰምቶ ይቆጥራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ የበረታውም ለታናሾቹ አስነጋሪ ይሆናል። እንግዲህ የመምህራን ማሠልጠኛ የሚባለው ነገር በአገራችን ሳይታሰብ ቅኔ ቤቱ መምህር ያወጣ ነበር ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቅዱስ ጊዮርጊስን ትምህርት ቤት ሲመሩ ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ቴአትርን የሚያስተምራቸው አልነበረም። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የአውሬዎች ተረት ቀደም ብሎ ቢታይም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ተከልክሎ ቆይቷል። ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ በሩ ሲከፈት ቀኝ ጌታ በግዕዝ ያወቁትን ሰምና ወርቅ ወደ አማርኛ አምጥተው ድርሰቱን ጻፉ፤ ዜማውንም አወጡ። ተዋናይስ ከየት ይምጣ? ተማሪዎቻቸውን አሠለጠኑ። ሴቶች ወደ መድረክ የማይወጡበት ጊዜ ስለ ነበረ የሴቱን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የጓደኞቻቸውን ሣቅ እንዴት እንዳስተዉት መገመቱን ለአንባቢ እንተዋለን።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲገባ ይህ ሁሉ ተቋረጠ። እርሳቸውም ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ገብተው አፋጀሽኝ በተባለው ቴአትራቸው እንደ ገና ታወቁ፤ ነገር ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም። አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቷን ያገኘችው በ1950 ዓ.ም. ሲሆን እርሳቸው ያረፉት በሐምሌ 1939 ዓ.ም. ነው።