ሙሐመድ ዐሊም፣ ንጉሥ ሚካኤልም፦ ሳይከፈል ሊነገር የሚገባው ሕይወት



ብዙዎቻችን መድረሳም ቀርተናል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረናል። መድረሳ ውስጥ ስለ ቦሩ ሜዳ ሰማን፤ ትምህርት ቤት ስለ ዐድዋ ተማርን። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ሰው ሕይወት እንደሚገናኙ ግን የነገረን አልነበረም። እኚህ ሰው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከወሎ ኢማሞች ቤት ተወለዱ፤ ስማቸውም ሙሐመድ ዐሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ ክርስትና እንዲነሡ፣ ወይ ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። ሙሐመድ ዐሊ ተጠመቁ፤ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነው ሚካኤል አሏቸው። እምቢ ካሉት ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ እንደ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተቃውሞውን መሩ።

ራስ ሚካኤል ከጊዜ በኋላ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የዘመተው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የተሰባሰበው እዚያው ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። የካቲት 23 ቀን የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አግኝተው ደመሰሱት፤ ጄኔራሉም እዚያው ወደቀ። ከእነዚያ ፈረሰኞች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ቦሩ ሜዳ ከሆነ 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የተበደሉባት አገር ስትጠራቸው ግን አልቀሩም።

በ1906 ዓ.ም. ሚካኤል ንጉሥ ተባሉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እስልምናን ተቀብለዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። አባት ያስለወጧቸው ሃይማኖት ለልጅ መውረጃ ምክንያት ሆነ። ንጉሡ ጦራቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ገሠገሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በዚያች ቀን ብዙ ሺህ ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያዊ እጅ አለቀ። ከወዲያ ማዶ የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም የዐድዋ ዘማች ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ከእንጦጦ ግርጌ ጃንሜዳ ላይ በሰንሰለት ታስረው ለሕዝብ ታዩ፤ በ1910 ዓ.ም. በግዞት እያሉ ሞቱ።

እኛ የካ ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ዘወትር እናየዋለን። ሰገሌ በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ጃንሜዳም ቅርባችን ነው። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ይህን ታሪክ ግን ስንቱ ያውቃል?

ዐድዋን ብቻ ነግሮ ቦሩ ሜዳንና ሰገሌን መዝለል ልጆችን አገር ወዳድ አያደርግም፤ የተዘለለውን ቤታቸው ሲሰሙ ክፍል የተማሩትንም ይጠራጠራሉ። ቦሩ ሜዳን ብቻ ነግሮ ዐድዋን መዝለልም ያው ነው፤ ይህኛው ደግሞ እኛን ይመለከታል። ስንጥቁ በቀለም የተሸፈነ ግድግዳ ጠንካራ እንዳልሆነ የምህንድስና ተማሪ አያጣውም። ዲናችንም በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል።

በክረምት ታናናሾቻችንን ስናስጠና የንጉሥ ሚካኤልን ሕይወት ሳንከፍል እንንገራቸው። ዐድዋ በዚህ አያንስም። እንዲያውም ማን፣ ምን ተሸክሞ እንደዘመተ ሲያውቁ ይበልጥ ይኮሩበታል።

አላህ እውነትን ከሚመሰክሩት ያድርገን። አሚን።